«ጌት» ማለት «አገኘ» ብቻ አይደለም

እንግሊዝኛ የሚማር ሰው ደብተር ቢገለጥ «ጌት፦ ማግኘት» የሚል መስመር አይጠፋበትም። ከአንድ ትርጉም ጋር የተሸመደደ ግሥ ግን ዓመታት ካለፉም በኋላ ማደናገሩን አይተውም። ይህን ግሥ የሚፈታው ከኋላው የሚመጣው ቃል ነው።

ስም ሲከተለው ማግኘት ወይም መቀበል ይሆናል፤ «ጌት ኤ ጆብ» ሥራ ማግኘት ነው። ቅጽል ሲከተለው ለውጥን ያሳያል፦ «ጌት ታየርድ» መድከም፣ «ጌት ዳርክ» መጨለም። ቦታ ሲከተለው መድረስ ነው፦ «ጌት ቱ ዘ ኤርፖርት»። «ሆም» እና «ሂር» ሲመጡ ግን «ቱ» አይገባም። «አይ አም ሜሪድ» ባለትዳር ነኝ፣ «አይ ጎት ሜሪድ» («ጎት» የ«ጌት» ኃላፊ ጊዜ ነው) አገባሁ ማለት ነው፤ ያገባበትን ዓመተ ምሕረት የሚጠራ ሰው የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው። ያገባትን ሲጠቅስም «ቱ» ይበል እንጂ «ዊዝ» አይበል።

አማርኛ ተናጋሪ አብዝቶ የሚስተው «አስጠገንኩ» ላይ ነው። መኪናውን ጋራዥ ወስዶ «አይ ሪፔርድ ማይ ካር» ካለ፣ ራሴ ጠገንኩት ብሏል። ትክክሉ «አይ ጎት ማይ ካር ሪፔርድ» ነው፤ መጀመሪያ «ጎት»፣ ቀጥሎ ዕቃው፣ መጨረሻ ላይ የግሡ ሦስተኛ ቅርጽ። ዕቃው ወደ መጨረሻ ከተገፋ ዐረፍተ ነገሩ ይፈርሳል። ሠራተኛው ከተጠቀሰ ደግሞ «አይ ጎት ዘ ሜካኒክ ቱ ሪፔር ኢት» ይባላል። እዚህ ላይ «ቱ» የግድ ነው። ማሠራትን የሚያሳየው ሌላው ግሥ «ሜክ» ያለ «ቱ» ይሄዳል፣ ትርጉሙም ወደ ማስገደድ ያደላል፤ «ጌት» ግን ጠይቆ ወይም አግባብቶ ማሠራት ነው።

«ጌት የሰነፍ ቃል ነው፣ አይጻፍ» የሚሉም አሉ። በማመልከቻ ላይ «ሪሲቭ» ወይም «ኦብቴይን» ይመረጣል፤ ሰዋስዋዊ ስሕተት ግን የለበትም።

«ጌት» ከላቲን መጣ የሚባለውም ልክ አይደለም። ወደ እንግሊዝኛ የገባው ማግኘት፣ መድረስና መውለድ ከሚል የጥንታዊ ኖርስ (የጥንት ስካንዲኔቪያውያን ቋንቋ) ግሥ ሲሆን፣ በጽሑፍ የታየው በ1200 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። የኖርሱ ቃል «ጌታ» መሰል ድምፅ አለው፤ ከእኛው ጌታ ጋር ግን ዝምድና የለውም። «ፎርጌት» (መርሳት) ውስጥ ያለው «ጌት» የዚሁ ሥር የእንግሊዝኛ ወንድም ነው።

የ«ጌት» ሦስተኛ ቅርጽ ሆኖ የሚመጣው «ጎተን» የአሜሪካኖች ብልሽት ነው መባሉ ደግሞ ፍጹም ስሕተት ነው። በ1611 እ.ኤ.አ. በታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ዘፍጥረት 4፥1 ላይ ሔዋን ቃየንን ወልዳ ስትናገር «አይ ሃቭ ጎተን ኤ ማን» ትላለች። እንግሊዞች ኋላ ላይ በአብዛኛው ተዉት፤ «ፎርጎተን» የሚለውን ግን ዛሬም ይጠቀማሉ። አሜሪካኖች ሁለቱን ቅርጾች ለይተው ይሠሩባቸዋል፦ «አይ ሃቭ ጎት ኤ ካር» መኪና አለኝ፣ «አይ ሃቭ ጎተን ኤ ካር» መኪና አገኘሁ። «አይ ሃቭ ጎት ቱ ጎ» ያለ መሄድ አለበት፤ «አይ ሃቭ ጎተን ቱ ጎ» ያለ ግን የመሄድ ዕድል አግኝቷል።