ማይክል አንጄሎ ጣሪያውን ቆሞ ነው የሳለው

በቫቲካን ስላለው ሲስቲን ጸሎት ቤትና ማይክል አንጄሎ ስለሳለው ጣሪያው በተወራ ቁጥር «አራት ዓመት በጀርባው ተንጋሎ ሳለ» የሚል አይጠፋም። ሰውየውን ያከበሩት ይመስላቸዋል፤ የከፈለውን ዋጋ ግን ያቀሉበታል።

እሱ ራሱ ለወዳጁ ለጆቫኒ ዳ ፒስቶያ ከጻፈው ግጥም ጎን ንድፍ ትቷል፦ ቆሞ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ፣ ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ ሲቀባ። በግጥሙም እንቅርት እንዳወጣ፣ ጢሙ ወደ ሰማይ እንደዞረ፣ ከብሩሹ የሚንጠባጠበው ቀለም ፊቱን እንዳዥጎረጎረው ያማርራል። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ቫዛሪ እንደሚለው ሥራው ካለቀ በኋላም ለወራት ደብዳቤ ማንበብ የሚችለው ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ይዞ ነበር።

ሥራው በባሕርይው ተንጋሎ የሚሠራ አይደለም። ጣሪያው የተሣለበት ፍሬስኮ፣ ማለትም በእርጥብ የኖራ ልስን ላይ የሚሠራ ሥዕል፣ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል በጨርቅ ላይ ተስሎ ግድግዳ ላይ አይለጠፍም። መጀመሪያ ሻካራው ልስን ይመታል። ከዚያ በየዕለቱ፣ በዚያ ቀን ሊቀባ የሚችለውን ስፋት ብቻ ቀጭን ልስን በካዙላ ጠበቅ አድርጎ መጫን ነው። ወረቀት ላይ የተሠራው ንድፍ ልስኑ ላይ ይያዝና በተበሱት መስመሮች የከሰል ዱቄት ይረገፍበታል፣ ወይም መስመሩ በሹል ነገር ይጫራል። በውሃ የተበጠበጠው ቀለም መግባት ያለበት ልስኑ ሳይደርቅ ነው፤ ኖራው ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስቦ ሲጠነክር ቀለሙን አብሮ ይቆልፈዋል። ከደረቀ በኋላ ለታየ ስህተት መድኃኒቱ መሮ ነው፤ ልስኑን አራግፎ እንደገና መጀመር። ከጣሪያው ሥዕሎች አንዱ የሆነው «የአዳም አፈጣጠር» ብቻ 16 ያህል የሥራ ቀን ወስዷል። እስቲ ይህን ሁሉ ተኝታችሁ ሞክሩት!

ርብራቡም ከወለል አልተተከለም። ከግድግዳው በወጡ ድጋፎች ላይ፣ ከወለሉ 20 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በሚገኘው ጣሪያ ሥር፣ ሰው ቆሞ እንዲሠራበት ተደርጎ ነው የተዘረጋው።

«ሰዓሊ አልነበረም፣ ቀራጺ ብቻ ነው» ይባላል። ራሱም ይል ነበር፤ ግን በ1488 (እ.ኤ.አ.) በ13 ዓመቱ የገባው በፍሬስኮ በታወቀው በፍሎረንሱ ሰዓሊ በጊርላንዳዮ ወርክሾፕ ነው። እርግጥ ሮም አስቸግራዋለች። በፖዞላና፣ ማለትም በእሳተ ገሞራ አመድ፣ የሚቦካው የሮም ልስን ቶሎ አይደርቅም፤ ውሃ ሲበዛበት ደግሞ ይሻግታል። መጀመሪያ ላይ ሥዕሉ ሻጋታ ሲያወጣ ለርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዩልዮስ 2ኛ «ሙያዬ አይደለም ብዬ ነበር» አላቸው። ምክንያቱ የልስኑ ውሃ መብዛት መሆኑን ነግሮ ያስቀጠለው አርክቴክቱ ጁሊያኖ ዳ ሳንጋሎ ነው።

ብቻውን ሠራው? ሰዓሊውን ግራናቺን የመሳሰሉ ረዳቶች ከፍሎረንስ መጥተው ነበር፤ ልስንና ቀለም የሚያዘጋጅ ሰው ሳይኖር ፍሬስኮ አይታሰብም።

እዚያው ጸሎት ቤት ያለው ሌላው ሥዕሉ «የመጨረሻው ፍርድ» የጣሪያው አካል አይደለም፤ ጣሪያው በ1512 አለቀ፣ ያኛው ከመሠዊያው ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ከ1536 እስከ 1541 የተሠራ ነው።

የጣሪያው ሥዕል ጥቁረትም የእሱ ምርጫ አልነበረም። የዘመናት የሻማ ጥቀርሻና በኋላ ሰዎች የቀቡት ሙጫ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲታጠብ፣ ከሥሩ ብርቱካንማ፣ ሐምራዊና ለምለም አረንጓዴ ወጣ።