መፈተሻው ዝም ካለ ብረቱ ንጹህ ነው?

ውዳቂ ብረት በምንገዛ ሰዎች መካከል ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «መኪናው በጨረር መፈተሻው ሲያልፍ ካልጮኸ አበቃ፣ ንጹህ ነው አይደል?» አይደለም።

መፈተሻው የሚያውቀው እሱ ጋ የደረሰውን ጨረር ብቻ ነው። ጨረር የሚያወጣው አደገኛ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ትንሽ ሆኖ እርሳስ ከሚባለው ከባድ ብረት በተሠራ ወፍራም መያዣ ውስጥ ይቀመጣል። እርሳሱ ጨረሩን ያፍነዋል። ብረት ከተከመረበትማ ጭራሽ!

በ1983 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ፣ ሁዋሬዝ ከተማ አንድ የካንሰር ማከሚያ ማሽን ለውዳቂ ብረት ነጋዴ ተሸጠ። ውስጡ በሺህ የሚቆጠሩ የኮባልት 60 (ጨረር የሚያወጣ ብረት) ፍሬዎች ነበሩ። ቀልጠው ፌሮና የጠረጴዛ እግር ሆኑ። የተነቃው በጥር 1984 ነው፤ ፌሮ የጫነ መኪና አሜሪካ ውስጥ በሎስ አላሞስ የኑክሌር ቤተ ሙከራ መፈተሻ አጠገብ ሲያልፍ መፈተሻው ጮኸ። ሹፌሩ መንገድ ስቶ ነው እዚያ የደረሰው።

ከቦታ ቦታ የሚለያየው መፈተሻው የሚጮህበት የጨረር መጠን ነው፤ እያንዳንዱ ማቅለጫ የራሱን ይወስናል። ጩኸትም ሁሌ አደጋ አይደለም፤ የምድጃ ጡብ እንኳ ሊያስጮኸው ይችላል።

ስለዚህ ዓይናችሁንም ተጠቀሙ። ለመጠኑ ከልክ በላይ የከበደ ዕቃ፣ ወይም ባለሦስት ክንፍ የጨረር ምልክት ያለበት ካያችሁ አትቁረጡት፣ አትክፈቱት። ራቁና ለጨረር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደውሉ።