አጭበርባሪን በራሱ ወጥመድ፦ የኢሜይል አታላዮችን መልሶ የማታለል ጨዋታ ከጎንደር ሲታይ

በኢሜይል ሰውን አታልሎ ገንዘብ ሊወስድ የሚሞክርን አጭበርባሪ ያመኑት መስሎ መመለስ፣ ተስፋ እየሰጡ ማንከራተትና ጊዜውን ማባከን በብዙ አገሮች የታወቀ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ሆኗል። ተጫዋቹ አንድ ሳንቲም አይከፍልም፣ እውነተኛ ስሙንም አይሰጥም። የሚፈልገው ሳቅ ነው፤ ሳቁ ግን ፍሬ አለው። አጭበርባሪው ከእርሱ ጋር ሲጨቃጨቅ የሚያመሸው ምሽት አንዲት የዋህ እናት ከመታለል የዳነችበት ምሽት ሊሆን ይችላል።

ማታለያው ራሱ ከኢንተርኔት በብዙ ይቀድማል። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ የፓሪስ እስረኞች ለባለጸጎች ደብዳቤ እየጻፉ፣ በስደት ጊዜ የተደበቀ ሀብት እንዳለና እርሱን ለማውጣት ጥቂት ገንዘብ እንደሚያስፈልግ ያሳምኑ ነበር። ይህን የመዘገበው ኤውጌን ፍራንሷ ቪዶክ ነው፤ ራሱ ወንጀለኛ የነበረና ኋላ የፓሪስን የወንጀል ምርመራ ፖሊስ ያቋቋመ ሰው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ታሪኩ መልኩን ቀይሮ በስፔን ስለታሰረ ባለጸጋ የሚተርክ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደግሞ ከናይጄሪያ በፖስታና በፋክስ፣ ቀጥሎም በኢሜይል መጣ። በናይጄሪያ የወንጀል ሕግ ማታለልን የሚመለከተው አንቀጽ 419 ስለሆነ ቁጥሩ የማጭበርበሩ መጠሪያ ሆኖ ቀረ፤ ዛሬ ግን እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከየትኛውም አህጉር ይላካል።

ወደ ጎንደር የሚመጡት ደብዳቤዎች የሰውን ጉጉት ያውቃሉ። ቀዳሚው ዲቪ ነው። «እንኳን ደስ አለዎት፣ ዕጣው ወጥቶልዎታል፤ ፋይልዎ እንዲንቀሳቀስ ይህን ያህል ዶላር ይላኩ» ይላል። የአሜሪካ መንግሥት ግን አሸናፊዎችን በኢሜይል አያበስርም፤ አመልካቹ ራሱ በማረጋገጫ ቁጥሩ ገብቶ ያያል፣ የቪዛው ክፍያም በኤምባሲ ይፈጸማል። ተማሪዎችን ደግሞ የመመዝገቢያ ክፍያ የሚጠይቅ የሐሰት የትምህርት ዕድልና የስብሰባ ግብዣ ይደርሳቸዋል። ሆቴሎችንና አስጎብኚዎችን የሚያጠምደው ከሁሉም የረቀቀ ነው። ቡድን ይዞ ሰሜን ተራሮችን ሊጎበኝ እንደሚመጣ የሚናገር «ቱሪስት» በተሰረቀ ካርድ ከዋጋው በላይ ይከፍልና ትርፉን ለጉዞ ወኪሉ እንዲልኩለት ይለምናል። ባለካርዱ ሲደርስበት የተከፈለው ገንዘብ ሁሉ ይመለሳል፤ ለ«ወኪሉ» የተላከው ግን ሄዶ ቀረ። አንድ የክረምት ሥራ የሌለው አስጎብኚ እንዲህ ባለው ደብዳቤ የሚደርስበትን ኪሳራ ማሰብ ያማል።

መልሶ ማታለል የሚጀምረው ከተጫዋቹ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው አዲስ የኢሜይል አድራሻ በመክፈት ነው። ከዚያ ገጸ ባሕርይ ይፈጠራል፦ ጆሮዋ የከበደ ባልቴት፣ ሁሉን ነገር ለአጎቱ ሳያማክር የማይወስን ነጋዴ፣ መነጽሩ የጠፋበት ጡረተኛ። ገጸ ባሕርይው ገንዘብ እንዳለው ፍንጭ ይሰጣል፣ ለመክፈል ይቸኩላል፣ ሁልጊዜም አንድ ነገር ይጎድለዋል። ቅጹን ሲሞላ የስልኩን ሳጥን በልደት ቀኑ ይሞላዋል። የባንክ ደረሰኝ ልኬያለሁ ብሎ የበግ ፎቶግራፍ ያያይዛል። የአጭበርባሪው ትዕግሥት ሲያልቅ ገጸ ባሕርይው ይለሳለስና ይቅርታ ይጠይቃል፤ ጉዳዩም እንደገና ይጀመራል።

በዚህ ረገድ የእኛ አገር ተጫዋች ሌላው ዓለም የሌለው ስንቅ አለው። በሦስት ሰዓት ባንክ እገኛለሁ ቢል እውነቱን ነው፤ የውጭ አገሩ ሰው ግን በራሱ አቆጣጠር በስድስት ሰዓት ልዩነት ስቶ ይጠብቃል። ዘመኑ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያያል፣ ወሩም አሥራ ሦስት ነው። ገንዘቡን ጳጉሜን 6 እልካለሁ ያለ ሰው ዘመነ ሉቃስ እስኪያልቅ ድረስ ቃሉን አላፈረሰም፤ ቀኑ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነዋ የሚመጣው! ጎንደር ላይ ደግሞ አርባ አራቱ ታቦት አሉ። የየደብሩን ክብረ በዓል እየጠቀሱ «ዛሬ ገንዘብ አልቆጥርም» ማለት ብቻውን ወራት ያስኬዳል። በታቦት ስም መቀለድ አይገባም የሚሉ አሉ፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ፤ የዘመን አቆጣጠሩ ብቻውን ይበቃል።

ከተማዋ ለነገሩ እንግዳ አይደለችም። በቃል ሊያጠምዳቸው የመጣን ሁሉ በራሱ ቃል አስረው የሚመልሱት፣ ጨዋታቸው እስከ ዛሬ የሚነገረው አለቃ ገብረ ሐና የኖሩትና ያስተማሩት እዚህ ነው። አዝማሪውም ማሲንቆውን ይዞ እንግዳውን እያመሰገነ የሚወጋበት ስልት የዚሁ ዘመድ ነው። ምሽት ላይ ፒያሳ ወይም ማራኪ ጓደኛሞች ስልክ እየተቀባበሉ «ባሮን» ነኝ ለሚል አንድ አጭበርባሪ መልስ ሲያዘጋጁ የሚታየው ይህ የቆየ የቃል ችሎታ ነው።

ጨዋታው አጭበርባሪውን ለምን እንደሚጎዳ በጥሩ ሁኔታ ያስረዳው የማይክሮሶፍት ተመራማሪ ኮርማክ ኸርሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ፣ አታላዮቹ ለምን ማንም የሚጠረጥረውን ታሪክ እንደሚጽፉ ጠየቀ። ደብዳቤውን ለሚሊዮኖች መላክ ምንም አያስወጣም፤ የሚያስወጣው መልስ ከሰጠው ሰው ጋር የሚደረገው ረጅም ንግግር ነው። ታሪኩ የማይታመን ሲሆን ጠርጣሮች በራሳቸው ይቀራሉ፤ የሚመልሰው ሊታለል የሚችለው ብቻ ይሆናል። ደብዳቤው እንግዲህ ወንፊት ነው። መልሶ አታላዩ ያንን ወንፊት ይበጥሰዋል፤ የዋህ መስሎ የሚያልፍ የማይከፍል ሰው ሲበዛ ሥራው አክሳሪ ይሆናል።

ይህን ሐሳብ ተቋማትም ወስደውታል። የኒውዚላንዱ የኢንተርኔት ደኅንነት ድርጅት ኔትሴፍ እ.ኤ.አ. በ2017 ለአጭበርባሪዎች ማቆሚያ የሌለው መልስ የሚጽፍ የኮምፒውተር ፕሮግራም አውጥቶ ነበር። በ2024 የብሪታንያው የስልክ ኩባንያ ኦቱ «ዴዚ» የተባለች በሰው ሠራሽ አስተውሎት የምትናገር አያት ፈጠረ፤ ስለ ሹራብ ሥራዋና ስለ ድመቷ እያወራች አጭበርባሪ ደዋዮችን ታቆይ ነበር።

ከባዱ ጥያቄ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ማን ነው የሚለው ነው። አንዳንድ መልሶ አታላዮች አጭበርባሪውን የሚያዋርድ ጽሑፍ አስይዘው ፎቶግራፍ ያስነሡታል፤ አንዱን ገንዘብ ታገኛለህ ብለው ከናይጄሪያ ተነሥቶ በጦርነት ቀጠና አቅራቢያ ወደምትገኘው የቻድ ከተማ አቤሼ እንዲሄድ አድርገዋል። ይህ ጨዋታ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ባወጣው ሪፖርት ቢያንስ 120,000 ሰዎች በማይናማር፣ ወደ 100,000 የሚጠጉ ደግሞ በካምቦዲያ ተገደው የኢንተርኔት ማጭበርበር ሥራ ላይ ሳይውሉ እንዳልቀሩ ገልጿል። በ2025 መጀመሪያ ከማይናማር ማዕከላት ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ጥሩ ሥራ ተብለው የሄዱ፣ የተተመነላቸውን ገቢ ካላስገቡ የሚደበደቡ ወጣቶች። ከዚያ ማዶ የሚጽፈው ልጅ የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጊዜውን መብላት እንጂ ክብሩን መንካት፣ አገሩንና መልኩን መሳደብ፣ ከቤት አስወጥቶ ማንከራተት አይገባም። ተገድጃለሁ የሚል ምልክት ከሰጠ ቀልዱ ወዲያው ይቁም።

ሕጉም ድንበር አለው። ማታለል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ያስቀጣል፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒውተር መግባትን ይከለክላል። ባለኮምፒውተሩ አጭበርባሪ መሆኑ ለገባበት ሰው ፈቃድ አይሆነውም። በስልክ የሚመጣው ማጭበርበር የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። «በስህተት ብር ልኬብሃለሁ፣ መልስልኝ» ወይም «የመጣልህን የምስጢር ቁጥር ንገረኝ» የሚለው ደዋይ ቁጥርዎን ይዟልና፣ በእርሱ ላይ ገጸ ባሕርይ መጫወት አይቻልም። መዝጋት ይሻላል።

በኢሜይሉ ጨዋታ ትልቁ ምርኮ አጭበርባሪው ተቻኩሎ የሚልከው የባንክ ሒሳብ ቁጥር ነው። ሒሳቡ ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ለማስተላለፍ ብቻ የተከፈተ ስለሆነ፣ ቁጥሩን ከነመልእክቱ፣ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ለባንኩና ለፖሊስ ማስረከብ ይቻላል። ቀኑ ሲጻፍ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መግለጽ አይዘንጋ።