ስለ ሮትኔስት ደሴት በስህተት የሚወራውና እውነታው

ምዕራብ አውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ የሚኖር አበሻ፣ ከሜልበርንም ይምጣ ከአዲስ አበባ፣ እንግዳ በመጣበት ቁጥር አንድ ቀን ሮትኔስት ደሴት ይዞት መሄዱ አይቀርም። ደሴቱ ከፍሪማንትል ወደብ በስተምዕራብ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ህንድ ውቅያኖስ ላይ ያለ ነው፤ በጀልባ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በዚያች ግማሽ ሰዓት ከእንግዶቼ አፍ የምሰማው ወሬ ታዲያ ከዓመት ዓመት አንድ ነው። መልሱን መደጋገም ስለሰለቸኝ ጻፍኩት።

«የአይጥ ደሴት ነው አሉ»

ስሙ ነው ያሳሳታቸው። እ.ኤ.አ. በ1696 ደሴቱ ላይ የወረደው የኔዘርላንድ መርከበኛ ዊለም ደ ቭላሚንግ ድመት የሚያካክሉ ቡናማ እንስሳት ወዲያ ወዲህ ሲሉ አየና ትልልቅ አይጥ መሰሉት። «የአይጥ ጎጆ» አለው፤ ስሙም በዚያው ቀረ። እንስሳው ኩዎካ ይባላል። የካንጋሮ ዘመድ ነው፤ እናቲቱ ግልገሏን ሆዷ ላይ ባለ ኪስ ታሳድጋለች። በዋናው ምድር አውሮፓውያን ያመጡት ቀበሮና ድመት አመናምነውት ጥቂት ቦታ ብቻ ነው የቀረው። ደሴቱ ላይ ግን ቀበሮ የለም፣ የቤት ውሻና ድመት ይዞ መግባትም ክልክል ነው፤ ስለዚህ ወደ 10 ሺህ የሚገመት ኩዎካ ይኖርበታል።

«ፈገግ ይልልሃል፣ ዳቦ ብትሰጠው ደግሞ ይወድሃል»

ፈገግታ የሚመስለው የአፉ አፈጣጠር ነው። ቢደሰትም ቢታመምም ፊቱ ያው ነው። የቴኒስ ተጫዋቹ ሮጀር ፌደረር እ.ኤ.አ. በ2017 አብሮት የተነሳው ፎቶ ዓለምን ካዳረሰ ወዲህ ሰው ሁሉ ሊያቅፈው ይፈልጋል። መንካትም ማብላትም የተከለከለ ነው፣ ያስቀጣል። ዳቦና ቺፕስ ያሳምመዋል፤ እሱ ደግሞ ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ይዞ ሊገኝ ስለሚችል የነካ እጅ ሳይታጠብ ምሳ መብላት አያዋጣም። ሲናደድም ይነክሳል።

ፎቶ ከፈለጋችሁ መላው ይኸው፦ ስልኩን መሬት አስጠግታችሁ ጋደም በሉ፣ ዝም በሉ። ማሽተት ስለሚወድ ራሱ ይመጣል። ደግሞ የሌሊት እንስሳ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ቁጥቋጦ ሥር ተጠቅልሎ ብታገኙት ተኝቷል ማለት ነው፣ ተዉት።

«ትንሽ ደሴት ነው፣ በሳይክል በአንድ ሰዓት ዞረን እንመለሳለን»

ርዝመቱ 11 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 4.5 ነው። ዋናው የዙር መንገድ ግን ወደ 22 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ሜዳም አይደለም። ዳገቶቹ አጫጭር ናቸው፣ ነገር ግን አንዱን ጨረስኩ ስትሉ ሌላው ይቀጥላል። የእንጦጦን ዳገት የለመደ እግር ይስቅባቸው ይሆናል፣ ሳይክል ከነዳ አሥር ዓመት የሆነው ግን አይስቅም። የግል መኪና ስለሌለ መንገዱ ሰላም ነው፤ የደከመው በአውቶቡስ ይዞራል። ሄልሜት ማድረግ ግዴታ ነው።

እውነተኛው ተቃዋሚ ዳገቱ ሳይሆን ነፋሱ ነው። በበጋ ጠዋት ጠዋት ነፋሱ ከምሥራቅ፣ ከየብስ በኩል ይነፍሳል። ከቀትር በኋላ አቅጣጫውን ቀይሮ ከደቡብ ምዕራብ ይመጣል፤ ሙቀቱን ስለሚያበርድ የሀገሬው ሰው «የፍሪማንትል ዶክተር» ይለዋል። ይህን ያወቀ ሰው ጠዋት ወደ ምዕራቡ ጫፍ ይነዳል፣ ነፋሱ ከኋላው ይገፋዋል። ሲመለስ ደግሞ ዶክተሩ ይገፋዋል። ያላወቀ ጠዋት በምሥራቅ በኩል ጀልባው የሚያደርስበት መንደር ውስጥ ቡና ሲጠጣ አርፍዶ፣ ከሰዓት ደረቱን ለነፋስ ሰጥቶ ወደ ምዕራብ ሲታገል ይውላል። እኔም መጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት እንደዚያ ነው።

«ስኖርክል መንሳፈፍ ብቻ ነው፣ ዋና አያስፈልገውም»

ስኖርክል ማለት መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ አድርጎ፣ ፊትን ውሃ ውስጥ ከትቶ ዓሣ ማየት ነው። ይሄ ወሬ አደገኛው ነው። ብዙዎቻችን ደጋ ላይ ስላደግን ዋና አንችልም፤ መነጽሩና የመተንፈሻ ቱቦው ደግሞ የማይገባ ድፍረት ይሰጣል። በአብዛኛው የባሕር ዳርቻ ነፍስ አድን ዋናተኛ የለም። የማይዋኝ ሰው «ቤዚን» በሚባለው ቦታ እግሩ መሬት እየነካ ፊቱን ብቻ ውሃ ውስጥ ቢከት ዓሣውን እዚያው ያየዋል። ለሚዋኝ ግን ጠዋት በደቡብ በኩል ያለው ሊትል ሳልመን ቤይ ይሻላል፤ ባሕሩ ወለል ላይ ገላጭ ሰሌዳዎች ተተክለዋል፣ እያነበቡ መሄድ ነው። ከቀትር በኋላ ያው ነፋስ የደቡቡን ወገን ስለሚያናውጠው ወደ ሰሜኑ ተሻገሩ።

ሞቃት ባሕር የሚወደውን፣ ድንጋይ የሚመስለውን ኮራል ሲያዩ የሚገረሙ አሉ፣ ልክ ናቸው። በዚህ ርቀት ወደ ደቡብ ወርዶ ኮራል ማግኘት የሚጠበቅ አይደለም። ሉዊን የሚባለው የባሕር ጅረት ነው ከሰሜን ሞቅ ያለ ውሃና የሐሩር ዓሣ ይዞ የሚወርደው።

«አውስትራሊያ ወቅቱ የተገላቢጦሽ ነው»

ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሰው አዎ። ለኛ ግን እንዲያውም ይገጥማል፦ ፐርዝ የሚዘንበው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፣ ልክ እንደ ሀገር ቤት ክረምት። ገና ሲሆን እዚህም ፀሐይ ነው።

«ድሮም የሽርሽር ቦታ ነበር»

አልነበረም። የአካባቢው ባለቤቶች ኑንጋሮች ዋጄማፕ ይሉታል። የባሕሩ ውሃ ከፍ ብሎ ከየብስ የለየው ከ7 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1838 ጀምሮ ግን የነባር ሕዝቦች እስር ቤት ሆነ፤ ከመላው ምዕራብ አውስትራሊያ በሰንሰለት እየታሰሩ ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ ወንዶችና ልጆች መጡበት። ባሕር አይተው የማያውቁ የበረሃ ሰዎችም ነበሩባቸው። ቢያንስ 373ቱ እዚያው ሞተዋል። እስር ቤቱ በ1904 ተዘጋ ቢባልም የግዳጅ ሥራው እስከ 1931 ቀጠለ። ዛሬ ፎቶ የምንነሳባቸውን ብዙዎቹን የቆዩ ቤቶች የሠሩት እስረኞቹ ናቸው። «ኳድ» የተባለው የእስረኞች ሕንጻ እ.ኤ.አ. እስከ 2018 ድረስ ቱሪስት የሚያድርበት ማረፊያ ነበር። መቃብሩ ከመንደሩ ጥቂት እርምጃ ነው፤ ሳይክላችሁን አቁማችሁ በእግር ሂዱ።

«ቀኑ ረጅም ነው፣ ለጀልባው ምን ያስቸኩላል»

የመመለሻ ጀልባ ሰዓቱን ጠብቆ ይሄዳል። ባለፈው ዓመት ሜልበርን ያደገ የእህቴን ልጅ ይዤ ሄጄ «ጀልባችን አስር ሰዓት ላይ ነው» አልኩት። እኔ ወደብ ላይ ቆሜ ስደውል እሱ ባሕር ውስጥ ነበር፤ በፈረንጅ አቆጣጠር የማታ አስር ሰዓት መስሎታል።