የጣት ስፕሊንት ምንድን ነው?

አክስቴ ሲኒ ልታነሳ ስትል መጀመሪያ መሃል ጣቷን በግራ እጇ ገፋ ታደርገው ነበር። ጣቱ ወደ ኋላ ሄዶ ይቀረቀርባታል። ካልገፋችው አይታጠፍም፤ ሲገፋ ደግሞ «ቀጭ» ብሎ በአንዴ ይታጠፋል። «ቁርጥማት ነው፣ ብርድ ነው» ስንል ስንት ዓመት ከርመን፣ ሐኪም ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው አለን።

ሪህ አይደለም (እኛ መገጣጠሚያ የሚያምን ሁሉ ሪህ ነው ማለት እንወዳለን)። ከበሽታ ሊጠብቀን የሚገባው የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የመገጣጠሚያውን የውስጥ ሽፋን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ሽፋኑ ያብጣል፤ እብጠቱ ሲቆይ ዙሪያውን ያሉት ጅማቶች ይላላሉ። ያኔ ጣት መስመሩን ይስታል። የአክስቴ ጣት መሃለኛው አንጓ ወደ ኋላ ተለጥጦ ጫፉ ወደ ታች ደፍቷል። ሐኪሞች ስዋን ኔክ ይሉታል። እውነትም አንገቱን የቆለመመ የውሃ ወፍ ይመስላል። ተቃራኒውም አለ፤ መሃሉ ታጥፎ ጫፉ ወደ ላይ ይቀናል። እሱ ቡቶኔር ይባላል።

ስፕሊንት የጣት መደገፊያ ነው። ለስዋን ኔክ የሚሆነው 8 ቁጥር ይመስላል፤ የተያያዙ ሁለት ቀለበቶች በሉት። አንዱ ከመሃለኛው አንጓ በላይ፣ ሌላው ከበታቹ ይገባል። የሚገናኙበት ቦታ በመዳፍ በኩል አንጓውን ደግፎ ይይዛል። ጣት እንደ ልቡ ይታጠፋል፣ ወደ ኋላ መሄድ ግን አይችልም። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው።

የተጣመመውን ለዘለቄታው አያቃናም። በሽታውን የሚያስታግሰው እንደ ሜቶትሬክሴት ያለ መድኃኒት ነው። ወጌሻ ጋ ሄዶ ያበጠ አንጓ ማስጎተት ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም።

ከፕላስቲክም ከብርም ይሠራል። በሙቅ ውሃ ለስልሶ ጣት ላይ የሚቀረጽ የፕላስቲክ ዓይነት አለ፤ እሱን ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ከረሳችሁት ቅርጹን ሊያጣ ይችላል። ልኩን ባለሙያ ይውሰድ፤ የጠዋት ጣትና የከሰዓት ጣት ውፍረታቸው አንድ አይደለምና። ቆዳው ከቀላ፣ ጣቱ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ወዲያው ማውለቅ ነው።

አክስቴ የብሩን ነው የመረጠችው። እንጀራ ስትበላ ታወልቀዋለች፤ ወጥ ሥሩ ይገባባታል። ለቡና ግን አድርጋው ትቀመጣለች። ባለፈው አንዷ ጎረቤት የትኛው ወርቅ ቤት እንዳሠራችው ጠየቀቻት።