የምግብ ቤት የንጽህና ደረጃ ምንድን ነው?

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አንድ ምግብ ቤት ተቀምጫለሁ። ከጎኔ ያለው ሰውዬ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ወረቀት ለጓደኛው እያሳየ «ቤቱ በጤና ምርመራ አንደኛ ነው፤ ምግቡ ቢጣፍጥ አይገርምም» ይለዋል። የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነኝ፤ አልቻልኩም። ዞር ብዬ ልናገር ስል ሽሮዬ መጣ።

ደረጃው ስለ ጣዕም ምንም አይልም። ስለ አስተናጋጇ ፈገግታም እንዲሁ። የሚለካው ወጥ ቤቱ ሰው እንዳያሳምም ምን ያህል እንደሚጠነቀቅ ነው። አሰጣጡ በየአገሩ ይለያያል። እንግሊዝ ከ0 እስከ 5 ይሰጣሉ፣ 5 ጥሩ ነው። ኒውዮርክ የሚቆጠረው ጥፋት ነው፦ እስከ 13 ነጥብ «ኤ»፣ እስከ 27 «ቢ»፣ ከዚያ በላይ «ሲ»። እዚያ ዜሮ ያመጣ ጎበዝ ነው።

የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ሰው ውጤቱን እንደ ዲግሪ ያየዋል፤ አንዴ ከተሰጠ የማይነሳ። ነገሩ የሚቀርበው ለቦሎ ነው። መኪናው በተመረመረበት ቀን ፍሬኑ ይይዝ ነበር፣ በቃ። ዛሬ ሹፌሩ ጠጥቶ ይሁን አይሁን ቦሎው አያውቅም። ወጥ ቤት ውስጥ ሹፌሯ ወጥ ሠሪዋ ናት። ፍሬኑ ፍሪጁ ነው። እጅ መታጠቢያው ደግሞ ቀበቶ ነው፤ ሁሉም ጋ አለ፣ የሚታሰረው ግን ትራፊክ ሲታይ ነው። ፍሬን ቀስ እያለ ነው የሚያልቀው፤ ፍሪጅ ግን መብራት በጠፋበት ከሰዓት ጉድ ይሠራል። እኛ ሰፈር መብራት እንዴት እንደሚጠፋ ታውቃላችሁ።

«ቤቱ እኮ ያብረቀርቃል» ይለኝ ይሆናል ሰውዬው። ያብረቅርቅ። እኔ ከወለሉ በፊት የማየው ድስቱን ነው። አንዴ ጠዋት ከእሳት የወረደ ምንቸት አልጫ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትር ብሰካበት 38 ዲግሪ አለኝ። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባክቴሪያ የሚራባበት ነው። ባለቤቱ «ችግር የለም፣ እናፈላዋለን» አሉኝ። ማፍላት ባክቴሪያውን ይገድል ይሆናል፤ አንዳንዱ ቀድሞ የለቀቀውን መርዝ ግን አያጠፋም።

ጥሬ ሥጋ ወዳጆችም ከዚህ ደረጃ ብዙ አትጠብቁ። ኮሶ የሚፈለገው ቄራ ነው፣ በሥጋ ምርመራ። እሱም ቢሆን ጥቂት እጭ ብቻ ሲኖር ሊያመልጠው ይችላል።

የምርመራ መዝገብ የማየት ዕድል ካገኛችሁ ነጥቡን ተዉትና የተደጋገመውን ፈልጉ። የተቀደደ የመስኮት ወንፊት አንዴ ቢጻፍ ምንም አይደል። «መታጠቢያው ሳሙና የለውም» የሚለው በሦስት ጉብኝት ከተጻፈ ግን እኔ እዚያ ሰላጣ አላዝም።

ያ የቱሉ ዲምቱው ወረቀት? ሒሳብ ከፍዬ ስወጣ ጠጋ ብዬ አነበብኩት። ንግድ ፈቃድ ነው።