ስክራች ቢልዲንግ ምንድን ነው?

ጠረጴዛ ላይ በትንንሽ ወታደሮች የጦርነት ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎች ጋር ከተቀመጣችሁ ይህን ቃል መስማታችሁ አይቀርም። ለጨዋታው የሚሆነውን ቤት፣ ግንብ ወይም ጫካ ተሠርቶ ያለቀ ከመግዛት ይልቅ ቤት ውስጥ ከተገኘ ነገር ራስ መሥራት ማለት ነው። ካርቶን፣ የዕቃ ማሸጊያ ፎም፣ ስቴኪኒ፣ ያረጀ ስፖንጅ፣ ምንም ይሁን።

ትልቁ ቁም ነገር ልኩ ነው። በብዛት የምናየው ወታደር ባለ 28 ሚሊ ሜትር የሚባለው ነው፤ ቁመቱ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ። እናም ማንኛውንም ነገር ከመጣላችሁ በፊት ወታደሩን አጠገቡ አቁሙት። የአይስክሬም እንጨት ለእሱ ጣውላ ነው። የመድኃኒት ብልቃጥ ክዳን የውሃ ታንከር ይሆነዋል።

እኔ በጣም የምወደው የካርቶን ጣራ ነው። የካርቶኑን አንድ ገጽ ትንሽ በውሃ ታረጥቡና ቀስ ብላችሁ ትልጡታላችሁ። ከሥሩ ሞገድ ሞገድ ያለው ወረቀት ብቅ ይላል። በቃ፣ ቆርቆሮ! ግን አንድ ወጥ አድርጋችሁ አትክደኑት፤ እውነተኛ ጣራ ላይ ቆርቆሮው እንደሚደራረበው በትንንሹ ቆርጣችሁ ጠርዝ በጠርዝ እያነባበራችሁ ለጥፉት። ብርማ ቀለም ቀብታችሁ ጫፍ ጫፉን ቡናማ ነካ ነካ ስታደርጉት የዛገ ይመስላል።

ለግንብ ፎም ይሻላል፣ በተለይ ጠጠር ያለውና የማይፈረፈረው። በእስክሪብቶ ጫን እያላችሁ ድንጋዮቹን ሳሉ፣ ከዚያ የተጨማደደ ፎይል አድበልብላችሁ ላዩ ላይ አንከባሉት፣ ሻካራ ይሆናል። ስፕሬይ ቀለም ግን በቀጥታ እንዳትረጩበት! ውስጡ ያለው ማሟሟያ ፎሙን ይበላዋል። ቅዳሜን ሙሉ የለፋሁበት ግንብ ዓይኔ እያየ ቀልጦብኛል፣ እስካሁን ያናድደኛል። መጀመሪያ ነጭ ኮላ በውሃ አቅጥናችሁ ቀቡት፣ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ ከዚያም በብሩሽ ቀለም ሥሩ።

ቀለሙ ላይ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሁሉንም በጥቁር ሸፍኑት። ሲደርቅ ብሩሹን ግራጫ ነክራችሁ፣ ቀለሙ ሊያልቅ እስኪል ድረስ ሶፍት ላይ ጥረጉትና በስሱ ዳበስ ዳበስ አድርጉ። ግራጫው የድንጋዩን ጠርዝ ብቻ ይይዛል፣ ስንጥቁ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል።

ደግሞ መሠረቱ ካርቶን ከሆነ ከሥሩም ቀቡት። በአንድ ወገን ብቻ ከረጠበ ሲደርቅ ይጎብጥና ቤቱ ጠረጴዛው ላይ አልቆም ይላል።